የማይናገር ታካሚ አደራ

(በእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የሕዝብ ትምህርት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «የሙያ ሥነ ምግባር በእንስሳት ሕክምና» የሚል ነው። ደንቦችንና መመሪያዎችን እየጠቀስኩ ልናገር እችል ነበር። ደንቡን ግን እናንተም አንብባችሁታል። ስለዚህ በአዘጋጆቹ ፈቃድ፣ ይህን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁበትን ሰው ሕይወት ላወሳላችሁ መርጫለሁ። ሰውየው አባቴ ነው። በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ፣ በደጎሎ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ኖረ፤ ጸሎትና ጾም የማያስታጉል ክርስቲያን፣ የአምስት ልጆች አባትም ነበር።

ልጅ ስለ አባቱ ሲመሰክር ሚዛኑ እንደሚያጋድል አውቃለሁ። ስለዚህ በጎውን ብቻ አልነግራችሁም። አባቴ ከሠራቸው መልካም ሥራዎች ሁሉ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ አንድ ስሕተቱ ነው፤ እርሱን ሳልናገር ከዚህ ቦታ አልወርድም።

ደጎሎን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ከወንጭት ሸለቆ በላይ ያለው የጃማ አምባ ሜዳማና ነፋሻ ደጋ ነው። አፈሩ በአመዛኙ መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስንዴና ጤፍ፣ ምስርና ጓያ ያበቅላል። ከዚያ በከላላ በኩል ወደ ወግዲና ወደ ቦረና፣ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ሲኬድ ደጋው በየሸለቆው እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ያዘነብላል። በዚህ አገር በግ የገበሬው የገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ግብር ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ ደብተር ሲገዛ የሚሸጠው እርሱ ነው። በሬ ግን አይነካም። መረሬ በአንድ በሬ አይታረስምና፣ ጥማድ ያልሞላለት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ በየተራ ያርሳል። ከተቀናጁት በሬዎች አንዱ በሰኔ ቢሞት ሁለት ቤት የዘር ወቅት ያልፈዋል። አባቴ «በሬ ታመመብኝ ብሎ የመጣ ሰው የመጪውን ዓመት እንጀራ ይዞ ነው የመጣው» ይለን ነበር።

ይህ አነጋገር መሠረት አለው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ። በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ አልቋል። በሽታው ሰውን አይዝም። ይሁን እንጂ በሬ ስለ ሌለ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ሰው በረኀብ ረገፈ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡን ያበረታቱ እንደ ነበር ተጽፏል። አባቶቻችን ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው ሰየሙት። የክፉ ቀን መነሻው በዓይን የማይታይ አንድ የከብት ቫይረስ መሆኑን ማንኛውም የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ሊዘነጋው አይገባም።

አባቴ ሙያውን የተማረው በደብረ ዘይት ነው። ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው በዚያች ከተማ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው ተከፈተ። ከዚያ በፊት ዶክተር ለመሆን የፈለገ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት። አባቴ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር የደስታ በሽታ ገና ከአገራችን አልጠፋም ነበር። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ፣ ሙጉጋ በተባለ ቦታ ያዘጋጀው ክትባት በሽታውን የሚመክት ነበረ፤ ችግሩ ቅዝቃዜ መፈለጉ ነው። በኋላ ሙቀት የሚቋቋም ዓይነቱ ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በአፋር ቆላ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በረዶ በማይደርስበት ስፍራ በእግራቸው እየዞሩ ከተቡ። በዓመቱ የመጨረሻው ወረርሽኝ ተመዘገበ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱ ለዓለም ተበሰረ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ዜናው በራዲዮ በተነገረ ማግስት አባቴ ጧፍ ገዝቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሲመለስ ስንጠይቀው «በክፉ ቀን ላለቁት ነው» አለን። ያን ቀን በደጎሎ ገበያ ስለዚህ ነገር ሲያወራ የሰማሁት ሰው አልነበረም። ያልሞተን በሬ ማን ይቈጥራል? ሙያችን ከሁሉ በላቀበት ጊዜ እንዲህ ሆኖ ሳይታይ ያልፋል።

ስለ እምነቱ ልናገር። አባቴ ስብከት አያውቅም ነበር። ከቦርሳው ውስጥ ከቴርሞሜትሩና ከመርፌው ጋር አንዲት ትንሽ ዳዊት ትቀመጥ ነበር፤ ኪዳን ሳይደርስ ተነሥቶ ይደግማል። ረቡዕና ዓርብ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ውሎም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም። በአንድ ነገር ግን ከአንዳንድ ካህናት ጋር አልተስማማም። በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም ዕለት ገበሬው በሬውን ስለማይጠምድ፣ ክትባት ለመስጠት ከእነዚያ ቀናት የሚመች የለም፤ ከብቱ ሁሉ ከደጅ ይገኛል። እርሱም በእነዚያ ቀናት ከቅዳሴ መልስ ይከትብ ነበር። «በዓል ሻረ» የሚል ክስ ሲነሣበት የንስሐ አባቱ በሰንበት ጕድጓድ ስለ ገባው በሬ የሚናገረውን የወንጌል ቃል አስታውሰው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ካህናቱ የክትባቱን ቀን በዐውደ ምሕረት ማስነገር ጀመሩ።

ከቤተሰቡ ጋር የነበረውን ሕይወት ሳስብ የምትመጣልኝ አንዲት የትንሣኤ ሌሊት ናት። ለባብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል በር ተንኳኳ። ከከተማው ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ ሙስሊም ገበሬ ነው። «ዶክተር፣ በበዓልዎ መጣሁብዎ፤ ላሚቱ ከትናንት ጀምራ ታምጣለች» አለ። እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ጋቢውንና ባትሪውን አቀበለችው። እኛ ያለ እርሱ አስቀድሰን ተመለስን። እናቴ ያለ አባታችሁ አይፈሰክም ስላለች ዶሮው እንደ ተከደነ፣ እኛም እንደ ተራብን እንቅልፍ ወሰደን። አባቴ የመጣው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። ጥጃው ሞቶ ወጥቷል፤ ላሚቱ ግን ተርፋለች። ታላቅ ወንድሜ በቍጣ «የሰው ላም ከእኛ ትበልጣለች?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ መልስ አልሰጠም። በማግስቱ ገበሬው ከሚስቱ ጋር ቅቤ ይዞ የእንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጣ፤ ገንዘብ ግን አባቴ አልተቀበለም።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እኔም ይህን ሙያ ይዤ ሳለሁ፣ ያችን ሌሊት አነሣሁበት። «እውነታችሁን ነበር» አለኝ። «የሰጠሁት የራሴን ሌሊት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የእናንተንም ነበር። ሳላስፈቅዳችሁ ሰጠሁት።» ይህን ቃል ለእናንተ ለወጣት ሐኪሞች አደራ እላለሁ። የሐኪም ትጋት ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከቤተሰቡ ላይ ነው፤ ቢያንስ ከፋዮቹን ማወቅ ይገባል።

አሁን ወደዚያ ስሕተት ልምጣ። አባቴ ወደ ደጎሎ ከመዛወሩ በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ወረዳ ይሠራ ነበር። የበግ ፈንጣጣ ክትባት ዘመቻ ታወጀ። ተማሪዎች እንደምታውቁት ይህ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ ነው። ደርቆ በትንንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ ከማምረቻው ተነሥቶ በጉ እስኪወጋ ድረስ ቅዝቃዜው መቋረጥ የለበትም፤ ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የጽሕፈት ቤቱ ማቀዝቀዣ በነጭ ጋዝ የሚነድድ ነበር፤ ጋዙን የመሙላት ኀላፊነት የአባቴ ነው። በዚያው ሳምንት የታናሽ እኅቴ ክርስትና ስለ ነበር ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ሲቸኩል ጋዙን ሳያይ ሄደ። ሲመለስ እሳቱ ጠፍቶ አገኘው። «አሁን የጠፋ ይሆናል» ብሎ ለኰሰና በማግስቱ ወደ ዘመቻው ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ከከተበ በኋላ፣ እሳቱ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖት እንደ ነበር ከዘበኛው ሰማ።

የሞተ ክትባት ከሕያው በዓይን አይለይም። ያው ጠርሙስ፣ ያው መርፌ ነው። በጎቹ ተወግተዋል፤ ገበሬዎቹ መርቀው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። በሽታው ቢመጣ ሰው «የእግዜር ቍጣ ነው» ይላል፤ ባይመጣ ደግሞ ክትባቱ እንደ ሠራ ይቈጠራል። አንድ የሥራ ባልደረባው «ከተናገርህ ሁለተኛ በግ የሚያመጣልህ የለም፤ ለሕዝቡም ስትል ተወው» ብሎ መከረው። ምክሩ ክፋት የለበትም፤ ሰዎች ከክትባት እንዳይሸሹ ማሰብ ተገቢ ነው። አባቴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። እርሳቸውም «ለእግዚአብሔር የምትናገረውን ለእኔ ነግረኸኛል። ለገበሬው የምትናገረውን ግን ለገበሬው ተናገር» አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጅ ቆመ። በሁለቱም ቦታ የተናገረው አንድ ነው፦ «የከተብኩላችሁ ክትባት የሞተ ነበር። የሞተውም ጋዝ ሳልሞላ ስለ ሄድሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አዲሱ ሲመጣ በጎቻችሁን እንደ ገና አምጡልኝ።» ለበላይ አካልም በጽሑፍ አስታወቀ፤ ከደመወዙ ተቀጣ።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ እውነት ሁልጊዜ ወዲያው እንደምትክስ የሚያሳይ ቢሆን ደስ ባለኝ። እንዲያ አልሆነም። አዲሱ ክትባት እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። ሲመጣም ባልደረባው እንደ ተነበየው ብዙ ሰው ቀረ። በሽታው ገባ፤ ካልተመለሱት መንጎች ውስጥ ብዙ በግ አለቀ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከነበሯት በጎች ሁለት ብቻ ቀሩላት። አባቴ በገዛ ገንዘቡ ሁለት እናት በግ ገዝቶ ወሰደላት፤ አልተቀበለችውም። «ከእግዜር ቢመጣ እችለው ነበር፤ ከሐኪም የመጣውን ምን ልበለው?» አለችው። በጎቹን እየነዳ ተመለሰ። ይቅርታዋን ሳያገኝ ከዚያ ወረዳ ተዛወረ።

ታዲያ መናገሩ ምን ጠቀመ? እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱ ይህ ነበር፦ «ዝም ብል ኖሮ ሁሉም በጎች ባልተከተቡ ነበር። ስናገር ግማሾቹ ተከተቡ። ሴትዮዋም የተቈጣችው በማን ላይ መቈጣት እንዳለባት ስላወቀች ነው፤ ያን መንፈግ አልችልም።» በደጎሎ በኖረበት ዘመን ሁሉ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጧትና ማታ በደብተር ይመዘግብ ነበር። አዲስ የጤና ረዳት በተመደበ ቍጥር የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፈው ይህንኑ ታሪክ፣ የራሱን ጥፋት፣ በመናገር ነው።

ይህ ልማድ በሌላ ጊዜ ነፍስ አድኗል። የአባ ሰንጋ በሽታን ነገር ታውቃላችሁ። ከብቱ ድንገት ይወድቃል፤ ከአፍንጫውና ከአፉ የማይረጋ ጥቍር ደም ይወጣል። ሬሳው ካልተከፈተ ተሕዋሱ በአብዛኛው በብስባሴው ይሞታል፤ ከተከፈተ ግን አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር አበጅቶ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በክት አይበላም። ይህ ሥርዓት ራሱ መከላከያ ነው። ክፍተቱ ያለው ከመሞቱ በፊት ነው፤ ገበሬው የሚወድቀውን በሬ «በክት ሳይሆን» ብሎ ቢላዋ ያነሣል፤ ጎረቤት በቅርጫ ይካፈለዋል። አባቴ ካህናቱንና ሸሆቹን በአንድ ላይ ሰብስቦ «ድንገት የወደቀ ከብት ሐኪም ሳያየው አይታረድ» የሚለውን ቃል በየደጃቸው እንዲያስነግሩ ለመናቸው። አንድ ሽማግሌ «ስንነግራቸው ካላመኑንስ?» ሲሉ፣ አንድ ሸህ «ይህ ሰው በራሱ ላይ የመሰከረ ነው፤ በበሬው ላይ ሊዋሽ አይችልም» ብለው መለሱ። የቀድሞው ወረዳ ወሬ ከእርሱ ቀድሞ ደጎሎ ገብቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ከብት ሲኖር ሰው ይላክበታል፤ እርሱም ከጆሮው የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ ናሙናውን ወደ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ሬሳው በጥልቅ ይቀበራል፤ የቀሩት ይከተባሉ።

ሌላም ነገር ልጨምር። አባቴ ለአህያ የተለየ ጊዜ ይሰጥ ነበር። አህያ በአገራችን ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ምስጋናውን የማያገኝ እንስሳ ነው። ሥጋው አይበላም፤ ሲያረጅ በየሜዳው ይጣላል። ጀርባው የቆሰለ አህያ ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ጥቂት ነው። በደብረ ዘይት የአህዮችን ጤና ጉዳይ የእንስሳት ሕክምና ጥናት አካል ያደረጉት ፕሮፌሰር ፍሰሃ ገብረአብ ናቸው፤ አባቴም ስማቸውን በአክብሮት ያነሣ ነበር። በየዓመቱ በሆሣዕና ዋዜማ በገበያው ዳር ተቀምጦ የአህያ ቍስል በነጻ ያጥባል፤ ጭነቱ እንዳይፍቅ ከኰርቻው ሥር ምን መነጠፍ እንዳለበት ያሳያል። «ጌታ በማግስቱ የሚቀመጥበት እርሱ ነውና ጀርባው ይጽዳ» ይል ነበር። ሰው ይስቃል፤ ኰርቻውን ግን ያስተካክላል።

ውድ ተማሪዎች፤ የሰው ሐኪም ታካሚ «አመመኝ» ይላል፤ ከተበደለም ይከሳል። የእኛ ታካሚ አይናገርም፤ ባለቤቱም የሰጠነውን መድኃኒት ምንነት የሚያጣራበት መንገድ የለውም። በመካከላቸው የምንቆመው እኛ ብቻ ነን። ስለዚህ የሙያችን ሥነ ምግባር ዋና ነገር፣ ማንም ሊያጋልጠን በማይችልበት ቦታ ራሳችን ስለ ራሳችን መናገር ነው። አባቴ ይህን ልማድ ያገኘው ከንስሐ ሥርዓት ነው። ከሌላ ሃይማኖት፣ ወይም ከሳይንስ ሥርዓት ብቻ የምታገኙትም ትኖራላችሁ። ምንጩ የትም ይሁን፣ ደብተሩ ላይ ያለው ሙቀት እውነተኛ መሆን አለበት።

ይህ ያለፈ ዘመን ጉዳይ አይደለም። የዓለም መንግሥታት የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዐቅደዋል። ክትባቱ አለ፤ ጥሩም ነው። ዕቅዱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን በየወረዳው ማቀዝቀዣ አጠገብ ብቻውን በሚቆም አንድ ሰው እጅ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያ ሰው ትሆናላችሁ።

አባቴ ያረፈው በደጎሎ ነው። በልቅሶው ድንኳን ብዙ ገበሬ መጣ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። እኛ ልጆቹ አብዛኛውን አናውቅምና ማንነታቸውን ስንጠይቅ በራሳቸው ስም አልመለሱልንም። አባቴ ሰውን የሚያስታውሰው በከብቱ ስለ ነበር እነርሱም በዚያው ተዋወቁን፦ «እኔ የቡሬ ባለቤት ነኝ»፤ «እኔ የዳለቻው»፤ «እኔ እግሩ የተሰበረው የዳማ በሬ ባለቤት ነኝ።» በስተመጨረሻ አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ገብቶ ከታላቅ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠና «እኔ ያቺ በፋሲካችሁ ሌሊት የመጣሁባችሁ ነኝ» አለው። ወንድሜ ተነሥቶ ወንበሩን ለሚስቲቱ ለቀቀላት።